ብረትም ይደክማል

መዝገበ ቃላት አንዳንድ ጊዜ ነገር በማሳጠር ያታልላል። «ፋቲግ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ገልጦ ለሚፈልግ ሰው «ድካም» ብሎ ይመልስለታል፤ ፈላጊውም ተመስገን ብሎ መጽሐፉን ይዘጋል። መልሱ ስሕተት የለበትም። ዳሩ ግን ቃልም እንደ ሰው ነው፤ ስሙን ማወቅና ጠባዩን ማወቅ ለየቅል ናቸው። ይኸው «ፋቲግ» የሚባለው ቃል በሐኪም ካርድ ላይ አንድ ነገር፣ በመሐንዲስ ሪፖርት ላይ ሌላ ነገር፣ በወታደር ሰፈር ሦስተኛ ነገር ሆኖ ይገኛል። በእርዳታ ድርጅት ሰነድ ላይ ሲመጣ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ መልክ ይዞ ነው። እኔ ከዚህ ቃል ጋር የተዋወቅሁት በትርጉም ሥራ ነው። በተገናኘን ቁጥርም ይበልጥ የሚያስቸግረኝ የባዕዱ ቃል ሳይሆን የገዛ ቋንቋዬ «ድካም» መሆኑን እያየሁ መጣሁ።

መቼም ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንጀምር። ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ17ኛው መቶ ዓመት ከፈረንሳይኛ ነው። መጨረሻው ላይ የማይነበቡ ሁለት አናባቢ ፊደላት ተሸክሞ የሚዞረውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የመጣበትን አገር ልብስ አላወለቀም። ፈረንሳይኛው በበኩሉ ከላቲኑ «ፋቲጋሬ» ወረሰው፤ ማድከም፣ ማዛል ማለት ነው። ላቲን ደግሞ «ፋቲስኮ» የሚል ሌላ ግስ ነበረው። ይህኛው ሁለት ትርጉም ነበረው፤ አንደኛው መሰንጠቅ፣ ሁለተኛው መዛል። ሁለቱን ግሶች ከአንድ ዘር የሚቆጥሩ የቋንቋ ሊቃውንት አሉ። ይህችን ስንጥቅ አንባቢ ይያዝልኝ፤ ኋላ ትፈለጋለች።

ቃሉ እንግሊዝኛ ውስጥ ገብቶ ሲኖር መዛልን ብቻ ሳይሆን የሚያዝለውን ሥራም መጥሪያ ሆነ። ከ18ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በወታደር ቋንቋ «ፋቲግ» ማለት ከውጊያ ውጪ ያለ የጉልበት ሥራ ነው፤ ጉድጓድ መቆፈር፣ ሰፈር መጥረግ፣ እንጨት መፍለጥ፣ ድስት ማጠብ። አንዳንዴም ለጥፋተኛ የሚሰጥ ቅጣት ነው። ለዚሁ ሥራ የሚለበሰው ልብስ «ፋቲግስ» ተባለ፤ አሜሪካኖች የወታደሩን የሥራ ልብስ ዛሬም በዚሁ ስም ይጠሩታል። እንግዲህ የሥራው ስም፣ የልብሱ ስምና ከሥራው በኋላ በአጥንት ውስጥ የሚቀረው ነገር ስም አንድ ሆነ ማለት ነው።

ይህን ሳነብ ፈገግ ያልሁት የእኛም ቃል ይህንኑ መንገድ ስለሄደ ነው። «የሃያ ዓመት ድካሜ ፍሬ አፈራ» የሚል ሰው ስለ ሥራው ይናገራል። «ድካም ድካም አለኝ» የሚል ሰው ስለ ሰውነቱ ይናገራል። «የሰው ልጅ ድካም አለበት» የሚል ሰባኪ ደግሞ ስለ ጉድለት ይናገራል። ልፋቱም፣ ዝለቱም፣ ጉድለቱም በአንድ ቤት ያድራሉ። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ይህን አጥርቶ ማየት ይቻላል። ጳውሎስ በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክቱ፣ ምዕራፍ 15 መጨረሻ ላይ፣ በጌታ ሥራ የሚደረገው ልፋት ከንቱ እንደማይሆን ሲያጽናና የተጻፈው ቃል «ድካም» ነው። በሁለተኛይቱ መልእክት ምዕራፍ 12 የእግዚአብሔር ኃይል የሚገለጥበትን የሰው አቅመ ቢስነት ሲናገርም የተጻፈው ያው «ድካም» ነው። የእንግሊዞቹ የቀድሞው ትርጉም ለመጀመሪያው «ሌበር»፣ ለሁለተኛው «ዊክነስ» ይላል፤ ሁለት የማይተዋወቁ ቃላት። የአማርኛው አንባቢ ግን ሁለቱን ቦታ ሲያነብ፣ ሰው የሚለፋበትና ሰው የሚጎድልበት ነገር አንድ ስም ሲጠራበት ይሰማል።

አማርኛ ግን አልተምታታበትም፤ ቃሉን አንድ ቢያደርገውም በግሱ ለይቶታል። «ደከመኝ» እና «ደከምኩ» የሚሉትን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጠን እንያቸው። «ደከመኝ» ስል አድራጊው ማነው? እኔ አይደለሁም። ስሙ የማይጠራ፣ መልኩ የማይታይ «እሱ» ነው። እንደ ራበኝ፣ እንደ ጠማኝ፣ እንደ በረደኝ፣ እንደ አመመኝ፤ ከውጭ መጥቶ ያደረገብኝ ነገር ነው። ስለዚህ «ደከመኝ» ያለን ሰው ማንም አይወቅሰውም፤ የበረደውን ሰው ለምን በረደህ አይሉትምና። «ደከምኩ» ሲሆን ግን ባለቤቱ እኔ ነኝ። «ለልጆቼ ደከምኩ» የምትል እናት እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል ማለቷ አይደለም፤ ጉልበቷን የት እንዳፈሰሰች ሒሳብ እያቀረበች ነው። ሦስተኛም አለ። ስለ ሽማግሌ «አባባ በጣም ደከሙ» ሲባል ሥራም እንቅልፍም የለበትም፤ አቅማቸው ወረደ፣ ቀናቸው መሸ ማለት ነው። ድምፃችንን ዝቅ አድርገን የምንናገረው ድካም ይህኛው ነው።

ቅጽሉም እንዲሁ ሁለት ስለት አለው። «ደካማ እናት አለችኝ» የሚል ሰው ርኅራኄ ይለምናል፤ «ደካማ ተማሪ ነው» የሚል መምህር ይፈርዳል። አንድ ስጦታ ይዞ የመጣን እንግዳ ደግሞ «ምነው ደከማችሁ!» እንለዋለን፤ ደከማችሁ ማለት እዚህ ላይ ምስጋና ነው። አንድ ቃል ምስጋናም፣ ወቀሳም፣ እንጉርጉሮም ሆኖ ሲያገለግል ለባለቋንቋው ሀብት ነው። ለተርጓሚና ለሐኪም ግን ፈተና ነው።

ሐኪም ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አንዲት እናቴን የሚያህሉ ጎረቤቴን ይዤ ጤና ጣቢያ የሄድሁበት ቀን ነበር። ካርዱን ይዞ የተቀበለን ወጣት ትሁት ነው።

«እማማ፣ ምንዎትን ነው የሚያምዎት?»

«ድካም ነው ልጄ። ድካም ብቻ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ኧረ እኔ እንጃ። ከትንሣኤ ወዲህ ነው የባሰብኝ።»

በእንግሊዝኛ «ፋቲግ» ብሎ ጻፈ። እዚያ ላይ ማቆም ይችል ነበር፤ በሩ ላይ ሰልፉ ረጅም ነው። እሱ ግን ብዕሩን አስቀመጠና እንደገና ጠየቀ።

«ቆይ እማማ፣ ከመቀመጫ ሲነሡ ጉልበትዎ አልታዘዝ ይልዎታል? ወይስ ጉልበትዎ ይታዘዛል፣ እርስዎ ነዎት የሚዝሉት?»

«ጉልበቴስ ይታዘዘኛል። ግን ልጋግር ምጣዱ ጋ ተቀምጬ ሁለት ሦስት እንጀራ እንዳወጣሁ ያዞረኛል፤ ትንፋሼም ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ውኃ ቀድቼ ስመለስማ ልብ የለኝም።»

የዓይናቸውን ቆብ ገልጦ አየና የደም ምርመራ አዘዘላቸው። ደማቸው አንሶ ተገኘ፤ ያነሰበት ምክንያትም ተፈልጎ መድኃኒት ጀመሩ።

በሕክምና ቋንቋ «ፋቲግ» እና «ዊክነስ» ሁለት የተለያዩ በሮች ናቸው። ክንድ ወይም እግር አልታዘዝ ሲል ሐኪሙ የነርቭና የጡንቻ በሽታ ያስባል። አካሉ እየታዘዘ ሰውየው ሲዝል ግን ሌላ መንገድ ይይዛል፤ ደም ማነስ፣ የስኳር በሽታ፣ የእንቅርት ዕጢ መስነፍ፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ የልብ ሕመም፣ የመንፈስ ጭንቀት፤ ዝርዝሩ ረጅም ነው። የእኛ «ድካም» ሁለቱንም በሮች በአንድ ጊዜ ያንኳኳል። የትኛው በር እንደሆነ የሚለየው ያች አንዲት ተጨማሪ ጥያቄ ናት። «ድካም ነው» የሚል ሰው ላይ «እንግዲህ ዕድሜ ነው» ብሎ ካርድ መዝጋት ቀላል ነው፤ በተለይ የተናገሩት አሮጊት ከሆኑ።

እንግሊዝኛ ተናጋሪውም ቢሆን ከዚህ አልዳነም። እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ስም የተሰጠው አንድ ሕመም አለ። ለወራት ለዓመታት የማይለቅ፣ ዕረፍት የማያሽረው፣ ጥቂት ሥራ ከተሠራ በኋላ ሰውን አልጋ ላይ የሚጥል ሕመም ነው። ስሙን «ሥር የሰደደ የፋቲግ ሕመም» አሉት። ሕመምተኞቹ በስሙ ተማረሩ። «ምን ሆንክ?» ሲባሉ ስሙን ሲናገሩ፣ «አይ እኔንም እኮ ይደክመኛል» የሚል መልስ ይመጣላቸዋላ! እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት ያሰባሰባቸው ባለሙያዎች ይህ ስም ሕመሙን ያቃልለዋል ሲሉ ሌላ ስም እንዲሰጠው ሐሳብ አቀረቡ። ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር ስም የተሰጠው በሽታ አማኝ አያገኝም።

የሚገርመው ሰው ስለ ሰው ድካም ያጣውን ትዕግሥት ስለ ብረት ድካም ማግኘቱ ነው።

ፒንሳ ያጣ ሰው ሽቦ እንዴት እንደሚቆርጥ ሁላችንም እናውቃለን፤ ወዲያና ወዲህ ማጠፍ ነው። አንድ ጊዜ ቢያጥፉት ምንም አይሆንም። ሃያ ጊዜ ሲያጥፉት ግን እጅ ላይ ይቀራል። እንግሊዞች ይህን የብረት «ፋቲግ» ይሉታል። ቃሉ ለብረት መዋል የጀመረው በ19ኛው መቶ ዓመት፣ የባቡር ዘመን ሲመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1842 ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ሲመለስ የነበረ ባቡር የመሪው መኪና የመንኮራኩር ዘንግ ተሰብሮ ከ50 በላይ ሰው አለቀ። ዘንጉ ከአቅሙ በላይ አልተጫነበትም፤ ትናንትም ከትናንት በስቲያም ያንኑ ሸክም ተሸክሞ ሄዶ ነበር። ታዲያ ዛሬ ምን ነካው? ጀርመናዊው መሐንዲስ አውጉስት ቬለር የባቡር ዘንጎችን እያሽከረከረ ለዓመታት ሲፈትን መልሱን አገኘው። ብረትን የሚሰብረው የሸክሙ ክብደት ብቻ አይደለም፤ ድግግሞሹም ነው። አንድ ጊዜ ቢጫንበት ከቁብ የማይቆጥረው ሸክም፣ ሺህና መቶ ሺህ ጊዜ ሲመላለስበት ይሰብረዋል። በዓይን የማትታይ ስንጥቅ ትጀምራለች፤ በእያንዳንዱ ምልልስ ጥቂት ጥቂት ትራመዳለች፤ አንድ ቀን የቀረው ብረት ሸክሙን መሸከም ያቅተዋል። ይዘህልኝ ቆይ ያልሁት የላቲኑ ስንጥቅ እነሆ እዚህ ተመልሶ መጣ።

እ.ኤ.አ. በ1954 ደግሞ ነገሩ ሰማይ ላይ ደረሰ። የእንግሊዞች መኩሪያ የነበረው ኮሜት የተባለው የመጀመሪያው የመንገደኞች ጄት አውሮፕላን ጥር 10 ቀን ኤልባ ደሴት አጠገብ ከ35 ሰዎች ጋር፣ ሚያዝያ 8 ቀን ኔፕልስ አጠገብ ከ21 ሰዎች ጋር ባሕር ገባ። ማንም አልተረፈም። ፋርንቦሮ በተባለው የምርምር ጣቢያ አንዱን ሙሉ አውሮፕላን በውኃ ገንዳ ውስጥ ነከሩትና ሰማይ ላይ የሚደርስበትን የአየር ግፊት በውኃ እየነፉና እየለቀቁ ደጋገሙበት። ከ3,000 ያህል በረራ ጋር የሚመጣጠን ሲደርስ ገላው ተቀደደ። ስንጥቁ የሚነሣው ከክፍት ቦታዎቹ ማዕዘን ነበር። ከዚያ ወዲህ የአውሮፕላን ዕድሜ በዓመት ብቻ ሳይሆን ስንት ጊዜ ተነሥቶ ስንት ጊዜ እንዳረፈ ይቆጠራል።

የእኛም ጋራዦች «ባትሪው ደክሟል፣ ሞተሩ ደክሟል» ይላሉ። ልዩነቱን ልብ በሉ። የደከመ ባትሪ ያስታውቃል፤ መኪናው ጠዋት አልነሣ ይላል። የመሐንዲሶቹ «ፋቲግ» ግን አያስታውቅም። የሚሰበረው ዘንግ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ እንደ ደህና ብረት ሲሠራ ይውላል። ደግሞም ብረት እንደ ሰው እንቅልፍ ተኝቶ አይድንም፤ የተራመደች ስንጥቅ ወደ ኋላ አትመለስም። ስለዚህ መሐንዲሱ ብረቱን «ሰነፍ» አይለውም፤ ቁጭ ብሎ ስንት ጊዜ እንደተጫነበት ይቆጥራል። ሰውስ ስንት ጊዜ እንደተጫነበት ማን ቆጥሮለት ያውቃል?

ወታደር ዘንድ እንኳ ቆጠራው የመጣው በግድ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሚንቀጠቀጡ፣ አንደበታቸው የተያዘ ወታደሮች ሲበዙ የመድፍ ድንጋጤ ተባለ። በሁለተኛው ጊዜ ስሙ «የጦርነት ፋቲግ» ሆነ። ስሙ የመጣው ከማስተዋል ነው፤ ማንኛውም ሰው፣ ጀግናም ቢሆን፣ በቂ ቀን ውጊያ ላይ ከቆየ ይሰበራል የሚል። ሁሉም ግን አልተቀበለውም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1943 ጄኔራል ፓተን ሲሲሊ ውስጥ የጦር ሆስፒታል ሲጎበኝ በሁለት የተለያዩ ቀናት ቁስል ያላየባቸውን ሁለት ሕመምተኛ ወታደሮች «ፈሪ» ብሎ በጥፊ መታ። አለቃው አይዘንሃወር ይቅርታ እንዲጠይቅ አዘዘው። በ«ፈሪ» እና በ«ደከመው» መካከል ያለው ርቀት በጥፊና በአልጋ መካከል ያለ ርቀት ነበር።

እንግዲህ ወደ መጨረሻው፣ ወደ እኛው ደጅ ወደሚያንኳኳው «ፋቲግ» እንምጣ። እንግሊዝኛው «ዶነር ፋቲግ» ይለዋል። «ኮምፓሽን ፋቲግ» የሚባልም ወንድም አለው፤ የርኅራኄ ድካም። ይህ ሁለተኛው በ1990ዎቹ የሕክምና ጽሑፍ ውስጥ ሲገባ የነርሶችና የአስታማሚዎች ነበር፤ የሰው ቁስል ሲያጥቡ ውለው፣ የሰው ሞት ሲያዩ አድረው፣ አንድ ቀን ማዘን የሚያቅታቸው ሰዎች። እነዚህ በእርግጥ ደክመዋል። ነገር ግን ያው ቃል ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጦ ቴሌቪዥን ለሚያይ ሰውም ተሰጠ። ሱዛን ሞለር የተባሉ አሜሪካዊት የጋዜጠኝነት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1999 በዚህ ስም መጽሐፍ ጽፈው፣ ረሃብንና ጦርነትን በአንድ ዓይነት ቀመር ደጋግሞ ማሳየት ተመልካቹን እንዴት እንደሚያደነዝዝ አሳይተዋል። የእኛ አገር ስም በዚህ ክርክር ውስጥ ሳይነሣ ቀርቶ አያውቅም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 23 ቀን 1984 በቢቢሲ የታየው የኮረም ሥዕል ዓለምን አስነሣ፤ ሐምሌ 13 ቀን 1985 በለንደንና በፊላደልፊያ የተካሄደው ታላቅ ኮንሰርት ተከተለ። ከዚያ በኋላ በመጣ በእያንዳንዱ ድርቅ «ለጋሾች ደክሟቸዋል» የሚለው ወሬ ከድርቁ ጋር አብሮ ይመጣል።

ይህ «ዶነር ፋቲግ» የበዛበት ሰነድ ወደ አማርኛ ስመልስ ረቂቁን ያዩልኝ አንድ አንጋፋ አራሚ ነበሩ። ከዚያ በፊት በነበሩ ወረቀቶች ሲሠራበት የቆየው «የለጋሾች ድካም» የሚል ነበር።

«እስቲ ጮክ ብለህ አንብበው» አሉኝ። አነበብሁት።

«ምን ገባህ?»

«ለጋሾች የለፉት ልፋት ነው የሚመስለው፣ ጋሼ።»

«ይኸው! ታዲያ ልናመሰግናቸው ነው እንዴ?» ብለው ሳቁ።

«'መዛል' ብንለውስ?»

«የሚዝለው የተሸከመ ሰው ነው፣ ልጄ። ሸክሙ የማን ጀርባ ላይ ነበር?»

«እንግዲያው 'መሰልቸት' ነው የሚቀረን።»

«እሱስ ልክ ነው። ግን ባለሰነዱ ይህን ማለት ፈልጓል? በእንግሊዝኛው እኮ ማንም ሰው አልሰለቸውም። 'ፋቲግ' አለ፤ እንደ ጉንፋን ዝም ብሎ መጣ።»

ነገሩ ይኸው ነው። እንግሊዝኛው ሁለት ስሞችን አጠጋግቶ አድራጊውን ሸሸገው። አማርኛ ግን ማን፣ ምን፣ ከምን የተነሣ ብሎ ያፋጥጣል፤ ደከማቸው ወይስ ደከሙ ወይስ ሰለቻቸው? ተርጓሚ ዳኛ አይደለም፤ ግን ቋንቋው ያለ ፍርድ አላሳልፍ ሲለው ምን ያድርግ? በመጨረሻ «የለጋሾች መሰልቸት» ብለን ጻፍን፤ ባለሰነዶቹም ሳይቃወሙ ተቀበሉት። ለጋሽን ማሳጣት አልነበረም ሐሳባችን። ገንዘብ ያልቃል፣ ሌላ መከራ ሌላ ቦታ ይነሣል፣ የሰው ልብም ወሰን አለው። ይሁን እንጂ «ድካም» የሚለው ቃል ለአድራጊው የሚሰጠውን ክብር ሰጪው ወስዶት ከሄደ ለተራበው ምን ይቀርለታል? አራት ቀን በእግሩ ተጉዞ እህል ወደሚታደልበት የደረሰ ገበሬስ? በእሱ በኩል «የተቀባይ ፋቲግ» የሚል ሐረግ በሰነድ ላይ አላየሁም። ያ ገበሬ ግን ልክ እንደ ባቡሩ ዘንግ ነው፤ አንድ ድርቅ አልሰበረውም፤ የሰበረው ሦስተኛው ወይም አራተኛው ነው። እኛ የምናየውና «ምን ነካው?» የምንለው የመጨረሻውን ቀን ብቻ ነው።

በገጠር፣ በእርሻ ዳር የሚያልፍ መንገደኛ የሚያርሱ ወይም የሚያጭዱ ሰዎች ሲያይ «እግዜር ያበርታችሁ» ብሎ ያልፋል። እነሱም ቀና ብለው «አሜን» ይላሉ። ይህን ሰላምታ ወደ እንግሊዝኛ ለመመለስ ሞክሬ የሚመች አላገኘሁለትም። መንገደኛው «ዕረፉ» አላለም፤ ክረምቱ አይጠብቃቸውምና። «አይዟችሁ» ብቻም አላለም። ሥራውን አየ፣ ከሥራው የሚመጣውን ዝለት አሰበ፣ ሁለቱንም በአንድ ቃል ሰላም ብሎ አለፈ።

ከተማ ውስጥ ቢሮ ለቢሮ፣ ታክሲ ለታክሲ ስንራኮት የምንውል ሰዎች ይህን ሰላምታ እየረሳነው ነው። «ደከመኝ» ለሚለን ሰው «ማን ያልደከመው አለ?» ብለን እናልፋለን፤ ያንኑ የአሜሪካኖቹን መልስ ማለት ነው። ቋንቋችን ግን የተሻለ መልስ አስቀምጦልናል። «ደከመኝ» ላለን ሰው «ምን ስትደክም ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ግሱ አንድ ነው፤ ጥያቄው ግን ሸክሙን ከማይታየው «እሱ» ላይ አንሥቶ ባለቤት ይሰጠዋል። መልሱ አንዳንዴ ሥራ ነው፣ አንዳንዴ የደም ማነስ ነው፣ አንዳንዴም ማንም ያልቆጠረለት ሺህ ጊዜ የተመላለሰ ሸክም ነው። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ሲጠየቅ ብቻ ነው።